ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚወስድ ሰው ዓይኑን መቼና እንዴት ያስመርምር?

ሐይቅ ዳር (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ታናሽ እህቴ ሉፐስ የተባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም ከተገኘባት 4 ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን ባለ 200 ሚሊ ግራም ክኒን በቀን ሁለት ትወስዳለች። መድኃኒቱ እንዳሻላት አልክድም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ሽፍታ ጠፍቷል፣ ጠዋት ጠዋት የሚይዛት የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ለቋታል፣ ሥራዋንም ያለ ችግር ትሠራለች።

በቅርቡ ክኒኑን ልገዛላት ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ፋርማሲ ስሄድ ባለሙያዋ «የዓይን ክትትል አላት?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደሌላት ስነግራት ከካርቶኑ ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ፣ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው መካከል ስለ ሬቲና ጉዳት የሚናገረውን አንቀጽ በእስክሪብቶ አስምራ ሰጠችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚህ ጉዳይ የነገረን ሰው አልነበረም። እህቴ በምትታከምበት ቦታ የደም ምርመራ በየጊዜው ይታዘዝላታል፤ ክብደቷን የመዘናት ግን የለም። በቤታችን ሚዛን 52 ኪሎ ሆናለች።

ጥያቄዬ እነሆ። መድኃኒቱ ዓይንን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? ጉዳቱ ሲጀምር ይታወቃታል? አሁን ደህና አያለሁ ትላለች፤ ይህ በቂ ማረጋገጫ ነው? ወይስ ከወዲሁ ማቋረጥ አለባት?

አላሙራ

ለእህትዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት። እኔ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባው የክሎሮኪን ዘመድ መሆኑን አውቃለሁ። በልጅነታችን በሰፈራችን ወባ በመጣ ቁጥር ክሎሮኪን የሚውጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል አንድ ጎረቤታችን በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ። ሰው ሁሉ የወባ ክኒን ነው ያጠፋቸው ይል ነበር። ዓይን የሚያህል ነገር አደጋ ላይ ከሚጥል መድኃኒትስ «ከነገሩ ጦም እደሩ» እላለሁ። በእኔ ግምት እህትዎ ክኒኑን አቁማ ሌላ መድኃኒት ብትጠይቅ ይሻላል።

የዓይን ሐኪም

ጥያቄ አቅራቢውን አመሰግናለሁ። በሙያዬ የዓይን ሐኪም ነኝ፤ የምጽፈው ለአጠቃላይ ግንዛቤ እንጂ እህትዎን ሳላይ ሕክምና ለማዘዝ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በቅድሚያ ግን ለአላሙራ ምላሽ መስጠት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ክር አንብቦ ነገ ጠዋት ክኒኑን የሚያቋርጥ ሰው ሊኖር ይችላል።

ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን የ3 ቀን ሕክምና ነው፤ በጠቅላላው የሚወሰደው መጠን በኪሎ 25 ሚሊ ግራም ነው። በዚህ አኳኋን የተወሰደ ክሎሮኪን፣ ሰውዬው በየክረምቱ ወባ ቢይዘው እንኳ፣ አሁን የምንነጋገርበትን የሬቲና ጉዳት አያስከትልም። ጉዳቱን የሚያመጣው ለዓመታት በየቀኑ መወሰዱ ነው። ክሎሮኪን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1934 በጀርመን አገር ሲሆን፣ ለሉፐስና ለመገጣጠሚያ ብግነት ለረጅም ጊዜ መታዘዝ ከጀመረ በኋላ ነው የዓይን ሐኪሞች የሬቲና ጉዳት ማየት የጀመሩት፤ የመጀመሪያዎቹ ጥርት ያሉ ዘገባዎች የወጡት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በስተርጅና ዓይናቸው የጠፋ ጎረቤት በሞራ፣ በግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም በሌላ ምክንያት ታመው ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ በአገራችን እጅግ የተለመዱ ናቸው።

መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካናዳ በታተመ ጥናት ሕመማቸው ረግቶ የነበሩ የሉፐስ ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ሲታዩ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተቋረጠባቸው ሰዎች ሕመሙ የማገርሸት ዕድላቸው ከቀጠሉት 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ሉፐስ ሲያገረሽ ቆዳ ላይ ብቻ ላይቆም ይችላል፤ ኩላሊት ውስጥ ይገባል። ኩላሊት ሲዳከም ደግሞ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ስለሚጠራቀም ዓይኑም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ዓይንን ለማዳን ተብሎ በራስ ፈቃድ የሚደረግ ማቋረጥ ዞሮ ዞሮ ዓይኑንም ላይጠቅም ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ሬቲና የዓይን ኳስን ጀርባ ከውስጥ በኩል የሚያለብስ፣ ብርሃንን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጥ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ሲሆኑ፣ በጭላንጭል የሚያገለግሉት ሮድ፣ ቀለምና ጥቃቅን ነገር የሚለዩት ደግሞ ኮን ይባላሉ። ከእነርሱ ሥር ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ያለበት አንድ ረድፍ ሕዋሳት አለ። ይህ ረድፍ ለብርሃን ተቀባዮቹ መጋቢም ጽዳት ሠራተኛም ነው፤ ከደም የሚመጣውን ምግብ ያቀብላቸዋል፣ በየዕለቱ የሚያረጀውን ጫፋቸውንም እየዋጠ ይፈጫል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሜላኒን ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ካለው መጠን እጅግ በበለጠ በዚህ ረድፍ ውስጥ ይከማቻል። በተጨማሪም በሕዋሱ ውስጥ ቆሻሻ የሚፈጭበትን፣ ላይሶዞም የሚባለውን ከረጢት አሲድነት ይቀንሳል። አሲዱ ሲቀንስ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ይደክማሉ፤ ያልተፈጨው ይከማቻል፣ ሕዋሱ ይታወካል፣ በመጨረሻም ብርሃን ተቀባዮቹ ይሞታሉ። የሞተ ብርሃን ተቀባይ በሌላ አይተካም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሕመም ሳይሰማ፣ ዓይን ሳይቀላ፣ እንባም ሳይፈስ ነው። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ማኩላ ከሚባለው፣ ጥርት አድርጎ ከሚያየው የሬቲና መሃል፣ መካከለኛ ነጥብ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ነጥቡን በቀለበት በሚከብበው ቦታ ላይ ነው። መካከሉ ለጊዜው ስለሚተርፍ ሰውዬው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ያነባል። ስለዚህ «ደህና አያለሁ» ማለት፣ መልካም ቢሆንም፣ ማረጋገጫ አይሆንም። ቀለበቱ ሰፍቶ ሲታወቅ፣ ለምሳሌ ሲያነቡ ከአንድ ቃል ጎን ያለው ፊደል ሲጎድል፣ ጉዳቱ ብዙ ሄዷል ማለት ነው። መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ቢቆም እንኳ ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ብቻ 40 ቀን ያህል ይፈጃል፣ በሬቲና ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያ ይዘገያል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ጉዳቱ ሲሰፋ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ፣ ከ5 ዓመት በላይ መድኃኒቱን የወሰዱ 2,361 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ጥሩ መልስ ይሰጣል። በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም ያልበለጠ መጠን በቀን የሚወስዱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት አደጋቸው ከ1 በመቶ በታች፣ እስከ 10 ዓመት ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። በዚህ መሠረት የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የቀኑ መጠን በሰውዬው ትክክለኛ ክብደት ተሰልቶ በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ መነሻ ምርመራ እንዲደረግ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ክትትል እንዲኖር ይመክራል። የኩላሊት ድካም ያለበት፣ ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፌን የሚወስድ፣ ቀድሞ የማኩላ ሕመም የነበረበት ወይም መጠኑ ያለፈበት ሰው 5 ዓመት አይጠብቅም።

የእህትዎን ክብደት በመጻፍዎ አመሰግናለሁ። ስሌቱን የፋርማሲ ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል ብዬ ትቼዋለሁ።

አቶቴ ፋርማሲስት

ዶክተር እንዳሉት ስሌቱን ልሥራው። 52 ኪሎ ሲባዛ በ5 ሚሊ ግራም 260 ይመጣል። እህትዎ የሚወስዱት 400 ነው፤ ይህም በኪሎ ወደ 7.7 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በቀን 400 ለመውሰድ ክብደት ቢያንስ 80 ኪሎ መሆን አለበት፤ በፋርማሲያችን መስኮት ከሚቆሙ ሴቶች መካከል 80 ኪሎ የሚሞሉት ስንቶቹ እንደሆኑ እናንተው ገምቱ። ችግሩ የሐኪም ክፋት አይደለም። ክኒኑ ወደ እኛ የሚመጣው በ200 ብቻ ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ብሎ ማዘዝ ለሁሉም ቀላል ነው፣ ማዘዣውም ለዓመታት እንዳለ ይገለበጣል።

ክኒኑ ሽፋን ያለው ስለሆነ አይሰበርም፤ ስለዚህ መጠኑ የሚስተካከለው በቀናት ነው። የሳምንቱ ጣሪያ ለ52 ኪሎ 1,820 ሚሊ ግራም ነው። በሳምንት 5 ቀን አንድ አንድ፣ 2 ቀን ሁለት ሁለት ቢወሰድ 9 ክኒን ወይም 1,800 ይሆናል፤ በቀን 257 ያህል ማለት ነው። ረቡዕና እሑድ ሁለት፣ በሌሎቹ ቀናት አንድ ተብሎ በካርቶኑ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን ይህን የምጽፈው ሐኪማቸው ዘንድ ይዛችሁ እንድትቀርቡ ነው። የሉፐስ ሐኪሞች መጠኑ ከሚገባው በላይ ሲወርድም ይሰጋሉ፤ ሕመሙ ገና ያልረገበ ከሆነ ለጊዜው ከፍ ያለ መጠን የሚያስቀጥሉበት ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሉፐስ ምክንያት ክብደታቸው የሚወርድ ወይም ፕሬድኒሶሎን በተባለው መድኃኒት ምክንያት የሚጨምር ሰዎች አሉ። አንድ ጊዜ የተሠራ ስሌት ለዘላለም አይሠራም።

አላሙራ

ዶክተርንም ፋርማሲስቱንም አመሰግናለሁ፤ የወባውን ነገር በዚህ መልክ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይሁንና 20 በመቶ የሚለው ቁጥር አሁንም አላስተኛኝም። የጥያቄ አቅራቢው እህት ወጣት ከሆነች 20 ዓመት መውሰዷ አይቀርም። ከ5 ሰው የ1 ሰው ዓይን የሚጎዳ ከሆነ «አደጋው ትንሽ ነው» እንዴት ይባላል?

የዓይን ሐኪም

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ትንሽ ነው ብዬም አላልኩም። 20 በመቶው ግን በመሣሪያ የታየ ጉዳት ያለባቸውን ሁሉ ይጨምራል። በጥናቱ ከተገኙት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ምንም ያልተሰማቸው፣ ምርመራው ብቻ ያገኛቸው ናቸው። ክትትል ያለበት ሰውና የሌለበት ሰው በ20ኛው ዓመት ላይ አንድ ዓይነት ዕጣ የላቸውም፤ በየዓመቱ የሚታየው ሰው ጉዳቱ ገና ጅምር ሳለ ስለሚገኝ መድኃኒቱ ይቀየርለታል፣ የማንበብ ዓይኑም ይተርፋል። የማይታየው ሰው ቀለበቱ ተዘግቶ መካከሉ ሲነካ ይመጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው በትክክል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ምርመራው ምን እንደሆነ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ልግለጸው። በባትሪና በሌንስ የዓይኑን ጀርባ ማየት ለመነሻ ያገለግላል፤ ጅምር ጉዳትን ለማግኘት ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም በሌንስ የሚታይ ለውጥ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኦሲቲ የሚባለው፣ የሬቲናን ንብርብር በብርሃን ቆርጦ የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ የብርሃን ተቀባዮቹ መስመር የት ላይ እንደሳሳ በማይክሮን ይለካል። ሁለተኛው የእይታ መስክ ምርመራ ሲሆን፣ የመካከለኛውን 10 ዲግሪ በዝርዝር የሚፈትሸው ዓይነት ይመረጣል። የእስያ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ጉዳቱ ከዚያ ወጣ ብሎ ሊጀምር እንደሚችል ስለተረጋገጠ ሰፋ ያለውንም እንጨምራለን፤ እኔ በግሌ ማሽኑ ካለ ለማንኛውም ሰው ሰፋ ያለውን አንድ ጊዜ ማሠራት እመርጣለሁ።

መምህር ከታቦር

ክሩን በጥሞና ስከታተል ነበር። የእኔ ጉዳይ ሌላ መድኃኒት ቢሆንም ከርእሱ የሚወጣ አይመስለኝም። የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ መድኃኒት ጀምሬ ነበር። ፒራዚናማይድ የተባለው ጉበቴን ስላስቸገረው እርሱ ተነሥቶ፣ ብዙውን ጊዜ በ2 ወር የሚቆመው ኢታምቡቶል እንዲራዘም ተወሰነ። ከጥቂት ወራት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ቀዩ ቀለም እየከሰመ ወደ ቡናማ የሚያደላ ይመስለኝ ጀመር። እስክሪብቶውን ቀየርኩ፤ አልተለወጠም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍም መካከሉ ጭጋግ የለበሰ ሆነብኝ።

መነጽር ቤት ሄድኩ፤ «ዕድሜህ ነው» ተብዬ የማንበቢያ መነጽር ተሰጠኝ፤ የምወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። መነጽሩ ምንም አልፈየደልኝም። ጉዳዩ የታወቀው የቲቢ መድኃኒቴን በምወስድበት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ በየወሩ እንደምታደርገው «እይታህ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። የቀዩን እስክሪብቶ ነገር ስነግራት በነጠብጣብ የተሠሩ ቁጥሮች ያሉበትን መጽሐፍ አምጥታ አሳየችኝ፤ ከገጾቹ አብዛኛዎቹ ላይ ቁጥር መኖሩንም አላየሁም። በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ተላክሁ፣ ኢታምቡቶሉ ቆመ። እይታዬ ለመመለስ ወራት ፈጀ፤ ቀለም ግን ዛሬም እንደ ድሮው ጥርት ብሎ አይታየኝም። ዶክተርን የምጠይቀው፣ ይህም የሬቲና ጉዳት ነው ወይስ የነርቭ?

የዓይን ሐኪም

መምህር፣ ነርሷ ሊመሰገኑ ይገባል። ጥያቄዎ ሁለቱንም ይነካል። ኢታምቡቶል የሚጎዳው ጋንግሊዮን የሚባሉትን ሕዋሳት ነው፤ የሕዋሳቱ አካል በሬቲና የውስጥ ንብርብር ውስጥ ነው ያለው፣ ረጅም ክራቸው ደግሞ ተሰብስቦ ወደ አንጎል የሚሄደውን የእይታ ነርቭ ይሠራል። ስለዚህ በሕክምና መዝገብ ላይ የእይታ ነርቭ ጉዳት ተብሎ ይጻፋል፤ የሚታመመው ሕዋስ ግን የሬቲና ሕዋስ ነው። ኢታምቡቶል መዳብንና ዚንክን የመያዝ ጠባይ ስላለው የሕዋሱ የኃይል ምንጭ የሆነው ማይቶኮንድሪያ እንዲታወክ ያደርጋል። ከማኩላ ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሱት ቀጫጭን ክሮች ብዙ ኃይል ስለሚፈልጉ ቀድመው ይደክማሉ፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ማስቸገሩ፣ መካከሉም መጨገጉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህኛው ከሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚለይበት ነገር አለ። በጊዜ ከቆመ ብዙዎች እይታቸው ይመለስላቸዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም፣ የዘገየ ደግሞ ይጎዳል። በቀን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ለሚወስዱ አደጋው 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ወደ 25 ሲወጣ 5 እና 6 በመቶ፣ ከ35 ሲያልፍ 18 በመቶ ድረስ ይነገራል። በአገራችን የሚሰጠው አራት መድኃኒት በአንድ የያዘ ክኒን 275 ሚሊ ግራም ኢታምቡቶል አለው፤ 50 ኪሎ ሰው ሦስቱን ሲወስድ 825 ይሆናል፣ በኪሎ 16.5 ማለት ነው። ይህ ተመጣጣኝ ነው፣ ለ2 ወር ብቻ ስለሚሰጥም አብዛኛው ሕመምተኛ ምንም አይደርስበትም። ሊፈራ የሚገባው ሲራዘምና ኩላሊት ሲደክም ነው፤ ኢታምቡቶል የሚወጣው በኩላሊት ነውና። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም ለወራት ሲወሰድ ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርስ በዚያ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች የቀለምና የፊደል ምርመራ በየወሩ ይደረግላቸዋል።

የቲቢ መድኃኒትን በራስ ማቋረጥ ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም አደገኛ ስለሆነ፣ ቀለም የተለወጠበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ፤ የሚነሣውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

አላሙራ

እንዲህ ከሆነ ሌሎቹንም ብናውቃቸው። የአእምሮ መድኃኒት፣ የልብ መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ዘመዶች ያሉን ብዙዎች ነን።

የዓይን ሐኪም

በአጭሩ ልመልስ፤ እያንዳንዱ የራሱ ክር ይገባዋል። ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት መካከል ቪጋባትሪን የእይታን ዳር ዳር ያጠባል፤ ከሚወስዱት አዋቂዎች ቢያንስ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል፣ የጠበበው አይመለስም። ይህ ግን በአገራችን በየቦታው ከሚታዘዙት ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ጋር መምታታት የለበትም። ከአእምሮ መድኃኒቶች የከፋው ቲዮሪዳዚን ነበር፤ በቀን ከ800 ሚሊ ግራም በላይ ሲወሰድ በሬቲና ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እየጣለ ያጨልማል። ክሎርፕሮማዚን በተለመደው መጠን ሬቲናን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። የልብ መድኃኒት የሆነው ዲጎክሲን ከመጠን ሲያልፍ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ይህ የሕዋስ ሞት አይደለም፣ መጠኑ ሲስተካከል ይጠፋል፣ ነገር ግን ለልብም አደገኛ ምልክት ስለሆነ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ለወባ የሚሰጠው ኪኒን (ኩዊኒን) ከመጠን በላይ ሲወሰድ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

አቶቴ ፋርማሲስት

ዶክተር ካልዘረዘሩት አንዱን እኔ ልጨምር፤ በየቀኑ መስኮታችን ላይ የሚጠየቅ ስለሆነ ነው። ዓይን የሚያሳክከው ልጅ ያላት እናት ትመጣና ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ በስሙ ጠርታ ትጠይቃለች። ጠብታው ማሳከኩን በአንድ ቀን ያስታግሳል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ፣ እርሱ ሲያልቅም ሌላ ይገዛል። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለሳምንታትና ለወራት ሲደረግ በአንዳንድ ሰው የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ዶክተር የጠቀሷቸውን ጋንግሊዮን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይገድላል፣ ሞራም ያመጣል። ያለ ማዘዣ አልሸጥም ስል የሚቆጡኝ ደንበኞች አሉ፤ ከእኔ ሁለት ሱቅ አልፎ የሚሸጥላቸው እንዳለም አውቃለሁ።

ሐይቅ ዳር (ጥያቄ አቅራቢ)

ምላሽ የሰጣችሁን ሁሉ አመሰግናለሁ። የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። የፋርማሲስቱን ስሌት በወረቀት ጽፈን ወደ ሐኪሟ ሄድን። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው ሚዛን ላይ አቆሟት፣ የኩላሊት ምርመራም አዘዙ፤ ውጤቱ ደህና ስለነበር መጠኑን በሳምንት ወደ 9 ክኒን አወረዱት። እኛ ያልጠረጠርነውን አንድ ነገርም ጠየቋት፤ ከሐኪም ያልታዘዘ የሕመም ማስታገሻ ትወስዳለች ወይ ብለው። ለካ ለወገቧ ዳይክሎፌናክ ትገዛ ነበር፤ ለኩላሊቷ ሲባል እንድትተው ተነገራት።

ከዚያ ለዓይን ምርመራው ሄድን። ኦሲቲው በደቂቃዎች አለቀ። የእይታ መስኩ ምርመራ ግን አደከማት። አገጯን ከድጋፉ ላይ አሳርፋ፣ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ነጭ ጎድጓዳ ሣጥን ውስጥ መሃል ላይ ያለችውን መብራት ብቻ እያየች፣ ዙሪያዋን ብልጭ የሚሉትን ነጠብጣቦች ባየች ቁጥር ቁልፍ መጫን ነበረባት። እርሷ ብልጭታውን በዓይኗ እየተከተለች ፈለገችው። ውጤቱ ሲወጣ በግራ ዓይኗ በኩል ጥቋቁር ቦታዎች ነበሩበት፤ ባለሙያው ግን «ይህ የማይታመን ውጤት ነው» ብሎ ሌላ ቀን ቀጠራት። ዶክተር፣ ይህን ያህል እንድንሰጋ የሚያደርግ ነገር አለ?

የዓይን ሐኪም

የኦሲቲው ፎቶ ጤነኛ ከሆነ፣ ባለሙያውም የማይታመን ውጤት ካለ፣ እስኪደገም ድረስ አትስጉ። የእይታ መስክ ምርመራን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ብልጭታውን ይከተላል ወይም ይደክመዋል፤ ወረቀቱ ጥግ ላይ ስንት ጊዜ ዓይኗ ከመሃል እንደተነሣ የሚያሳይ ቁጥር አለ፣ ባለሙያው ያነበበው እርሱን ነው። የእውነተኛ ጉዳት ወረቀት ሲደገም ያው ቦታ ላይ ይጠቁራል፣ ብዙውን ጊዜም በሁለቱም ዓይን ይመሳሰላል፤ በፎቶውም ላይ በዚያው ቦታ መሳሳት ይታያል። ሁለቱ ምርመራዎች ሳይስማሙ ማንም ሐኪም መድኃኒቱን ማስቆም የለበትም። ለሁለተኛው ቀጠሮ ጠዋት፣ ተኝታ ከተነሣች በኋላ ትሂድ፤ ሲደክማት ቁልፉን ተጭና በመያዝ ማሽኑን ማስቆም እንደምትችል አስቀድማ ትጠይቅ።

ፎቶውንና ወረቀቶቹን በእጃችሁ አስቀምጡ። ከ5 ዓመት በኋላ የሚያያት ሐኪም ሌላ ሰው፣ ሌላ ከተማም ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ፎቶ ከሌለ የሚያወዳድርበት የለውም።

ወለላ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። እናቴ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከጀመሩ 3 ዓመት ሆኗቸዋል፤ በቅርቡ ደግሞ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ታሞክሲፌን 20 ሚሊ ግራም ታዘዘላቸው። ሁለቱን የሚያዙት የተለያዩ ሐኪሞች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን የሚያውቅ አይመስለኝም። ዶክተር ከላይ ታሞክሲፌንን ጠቅሰው ስላለፉ ነው የምጠይቀው።

የዓይን ሐኪም

ለእናትዎ ጤና እመኝላቸዋለሁ። ታሞክሲፌን ብቻውን በ20 ሚሊ ግራም ሬቲናን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ከሃይድሮክሲክሎሮኪን ጋር ሲወሰድ ግን ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የ2014 ጥናት የሬቲና ጉዳት ዕድልን ወደ 5 እጥፍ አስጠግቶታል። ታሞክሲፌኑ ለካንሰሩ አስፈላጊ ስለሆነ የሚነካ አይደለም፤ የሚታየው ሃይድሮክሲክሎሮኪኑ ነው። ለመገጣጠሚያ ብግነት ሌሎች አማራጮች ስላሉ የመገጣጠሚያ ሐኪማቸው መጠኑን ሊያወርዱት ወይም ሊቀይሩት ይችላሉ። የሁለቱንም መድኃኒቶች ካርቶን ይዘው ለሁለቱም ሐኪሞች ያሳዩ። የዓይን ምርመራውን በተመለከተ 5ኛውን ዓመት አይጠብቁ፤ ኦሲቲውንና የእይታ መስኩን በዚህ ወር ያሠሩላቸው፣ ሁለቱን አብረው እስከወሰዱ ድረስም በየዓመቱ ይደገም።